ፈረሱም ይኸው፣ ጀርባውም ይኸው

እሁድ ጠዋት እንጦጦ ላይ ተሰልፈው ደንበኛ የሚጠብቁ ፈረሶች ከባለቤቶቻቸው የተሻለ ለብሰው ነው የሚገኙት። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ቀይ ዘርፍ፣ አንገቱ ላይ ጨሌና ቃጭል፣ ደረቱ ላይ ከምን እንደተሠራ የማይጠየቅ የሚያብለጨልጭ ጌጥ ደርድሯል። ባለቤቱ ቁጥሩ የተላጠ የአርሰናል ማሊያ ለብሶ፣ በሸራ ጫማ ጭቃውን እየረገጠ፣ ልጓም ይዞ ይቆማል። ደንበኛው ከከተማ ይመጣና ፈረስ ይመርጣል። አመራረጡ የታወቀ ነው፤ «ፎቶ ላይ የቱ ያምራል?» ይባላል። ልጆች ነጩን አምባላይ ይላሉ፣ ሙሽሮች ዘርፉ የበዛውን ይላሉ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ ጎልማሶች ሳይናገሩ አጠር ወዳለው ይጠጋሉ። ጥርስ የሚያይም አለ፤ ለግማሽ ሰዓት ግልቢያ የፈረስ ዕድሜ ምን እንደሚሠራለት እንጃ፣ ብቻ ያያል። ኮርቻውን ከፍ አድርጎ ሥሩ ምን እንደተነጠፈ የሚያይ ደንበኛ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ሥሩ የሸገር ኑሮ አለ። የታጠፈ ጆንያ አለ፤ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ አለ፤ ጥለቱ ያለቀ ጋቢ አለ። ባዛር ሲያልቅ የሚወርደው ባነርማ በዚህች ከተማ የማይሆነው ነገር የለም፤ የሊስትሮ ጥላ ይሆናል፣ የሽንኩርት መዘርጊያ ይሆናል፣ ኮርቻ ሥርም ይገባል። አንድ ቡላ ፈረስ ኮርቻው ሲወርድለት ጀርባው ላይ «ቆጥበው ይሸለሙ» የሚል አንብቤአለሁ። ፈረሱ ምን እንደቆጠበ አላውቅም፤ የተሸለመው ግን ከባነሩ ጠርዝ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ መዳፍ የሚያህል የተላጠ ቆዳ።

ገጠር ያደገ ሰው ገጣባ ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ኮርቻ ወይም ጭነት የበላው ጀርባ ነው። ከተማ ያደገው ግን አይቶም አያውቀውም፤ ምክንያቱም ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚተወው ምልክት ጌጥ ይመስላል። ቀለም የሚሰጠው የጸጉሩ ሥር በግፊቱ ስለሚጎዳ፣ በቦታው የሚበቅለው ጸጉር ነጭ ይሆናል። በጉራቻ ወይም በዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ፣ ከትከሻው ኋላ በግራና በቀኝ ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ያንን የጻፈው የማይገጥም ኮርቻ ነው። አንዲት ልጅ ግን «ውይ ነጠብጣቡ ሲያምር!» ብላ ከጎኑ ቆማ ሰልፊ ስትነሳ አጠገቧ ነበርኩ። ባለ ፈረሱ «እንደዚህ ሆኖ ነው የተወለደው» አላት። እኔም ዝም አልኩ፤ የእሁድ ደስታ ማን ይነካል።

የእኛ ሰፈር የካ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ ጉራራን አልፎ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ነው። እዚያ ፈረስ ያለው ሰው ብዙ አይደለም፤ ካሉት ዋናው ከፈረሰኛ ፖሊስ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ስም አላቸው፣ ግን ማንም አይጠራቸውም፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ «ሻለቃ ባሻ» ነው የሚላቸው። ፈረሳቸው ዳማ ነው፤ ስሙም ዳማ ነው፤ በዚህ ረገድ ብዙ አልተጨነቁም። ለኪራይ አያወጡትም። ዓመቱን ሙሉ የሚቀልቡት ለጥር 12 ነው። የቃና ዘገሊላ ዕለት ታቦተ ሚካኤል ከጃንሜዳ ወደ የካ ሲመለስ፣ ከምእመናኑ ጎን ከሚያጅቡት ፈረሰኞች አንዱ ለመሆን። በቀሩት ወራት ዳማ ይበላል፣ ሻለቃ ባሻ ስለ ፍሩሽካ ዋጋ ያማርራሉ።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ጀርመን አገር ነው ያደገችው። እዚያ ፈረስ መጋለብ እንደ መንጃ ፈቃድ ፈተና አለው፤ ምስክር ወረቀትም ይሰጣል። ለጥምቀት መጥታ ሻለቃ ባሻ ዳማን «እስኪ ሞክሪው» ብለው ሲያቀርቡላት፣ ሰፈሩ በሙሉ አጥር ላይ ወጥቶ ስትወጣ ለማየት ይጠብቃል። እርሷ እርካቡን ትታ እጇን ከኮርቻው ፊት ሥር ለማስገባት ትታገላለች።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አሏት።

«ምንም አልጠፋብኝም አባባ፤ እጄ አልገባ አለ።»

«እጅሽን ምን ያስገባዋል? የምትቀመጪው በላይ ነው እንጂ!»

አጥሩ ሳቀ። እርሷ ግን አልሳቀችም፤ ኮርቻውን አስወረደችና የሁለት እጆቿን ጣቶች ከአከርካሪው ግራና ቀኝ አድርጋ ከትከሻው ወደ ወገቡ በቀስታ እየጫነች ወረደች። ዳማ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጀርባውን ወደ ታች ሰበቅ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ልጥፍ አደረገ። ደገመችው፤ ያው ቦታ ላይ ያንኑ አደረገ። ሻለቃ ባሻ ፊታቸው ተለወጠ። ሰው ቢነግራቸው ይከራከሩ ነበር፤ ፈረሱ ራሱ ሲመሰክር ግን ምን ይባላል።

ነገሩ ሲብራራ ቀላል ነው። ኮርቻ ማለት የሰውን ክብደት ከአከርካሪው አንስቶ፣ ከግራና ከቀኙ ባለው ጡንቻ ላይ የሚያካፍል ዕቃ ነው። መሐል ላይ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ አጥንቱን የማይነካ ቦይ መኖር አለበት። ከፊት፣ ጋማው የሚያልቅበት ጉብታ ላይ፣ ሰው ተቀምጦበትም እንኳ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያስፈልጋል። ከዚያ ከጠበበ ትከሻውን ይቆነጥጣል፤ ከሰፋ ይሰጥምና ጉብታው ላይ ያርፋል። የአገራችን የድሮ ኮርቻ ሠሪ ይህን ያውቅ ነበር። ሁለት የእንጨት ሳንቃ በግራና በቀኝ፣ መሐሉ ክፍት፣ ፊትና ኋላው ከፍ ያለ፣ በላዩ ቆዳ። ዲዛይኑ አይታማም። የሚታማው ያንን ሳንቃ ለአንድ ፈረስ ልክ ጠርቦ ሠርቶ ሲያበቃ፣ ባለቤቱ ፈረስ በለወጠ ቁጥር ኮርቻውን አለመለወጡ ነው። የሻለቃ ባሻ ኮርቻ ከአባታቸው የወረሱት ነው። የተሠራለት ፈረስ ከሞተ ዘመን ሆኖታል።

ልጅቷ ጀርመን ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ፣ ሰው ሲመጣ በሻንጣ ዕቃ ላከች። ፌስታሉ ተከፈተ፤ ነጭ፣ ድብልብል ያለ፣ እጅ የሚውጥ የበግ ጸጉር። እናቴ «ለሶፋ ነው?» አለች። ጎረቤት መጥታ «ለአራስ ነው» አለች። የሻለቃ ባሻ ሚስት ለባላቸው ወገብ ነው ብለው ወሰኑ። በስልክ ተጠይቃ ለዳማ ነው ስትል ለጊዜው ቤቱ ጸጥ አለ። ሻለቃ ባሻ አገላብጠው አዩት፤ ጸጉሩን በትንፋሻቸው ከፈል አድርገው ሥሩን ተመለከቱ፤ አሸተቱት። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «ይኼ'ኮ አጎዛ ነው።»

«ነው» አልኳቸው።

«ለአጎዛ ነው ይኼ ሁሉ አውሮፕላን?»

ዋጋውን ነገርኳቸው። በዩሮ አልደነገጡም። ወደ ብር ሲመነዘርላቸው ቆመው የነበሩት ተቀመጡ። «በዚህ'ኮ ሾላ ወርደህ በግ ከነነፍሱ ትገዛለህ። ሥጋው ለእኛ፣ ቆዳው ለዳማ፣ ምላስ ሰንበሩ ለዶሮ ጠባቂው ውሻ!» እውነታቸውን ነው። በጉ ለብሶት ሲዞር ከነበረው ዋጋ በላይ፣ አውልቆት ከሄደ በኋላ ይጠየቅበታል።

ግን በግ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የተላከው የሜሪኖ ነው። ሜሪኖ ጸጉሩ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሰው ሲቀመጥበት ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ አየር ይዞ ይቀራል። ሱፍ ደግሞ የራሱን ክብደት ሲሦ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶ ለእጅ ደረቅ የሚመስል ነገር ነው። ከጉራራ ተነስቶ እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ሽቅብ የወጣ ፈረስ ጀርባው በላብ ይርሳል፤ የራሰ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። ስፖንጅ ላቡን ቢጠጣም አያስወጣም፤ እዚያው ይቀቅለዋል። ጆንያ ይጠጣል፣ ግን ይፈገፍጋል። ባነርማ ፕላስቲክ ነው፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ ቀለም ማባከን አይገባም።

እንግዲህ ሰፈራችን በአንድ ሳምንት ውስጥ የአጎዛ ሊቅ ሆነ። በተለይ ከላይ ፓርኩ አካባቢ ሦስት ፈረስ የሚያከራየው ጎረምሳ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ ተራራው ላይ የሚወጣው የከተማ ሰው በዝቶ የእርሱም ገበያ ደርቷል። የዳማን አጎዛ አይቶ በማግስቱ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ አጎዛ ይዞ መጣ። ጆንያውን አልጣለውም። ስፖንጁንም አልጣለውም። በጆንያው ላይ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ አጎዛ፣ በአጎዛው ላይ ኮርቻ፣ በኮርቻው ላይ ከመገናኛ የመጣ ባለ መነጽር ደንበኛ ደረበ። ዳገቱ ላይ ደህና ሄዱ። ቁልቁለቱ ላይ ኮርቻው መዞር ጀመረ፤ ደንበኛው ኮርቻውን አልለቅም አለ፤ ኮርቻውና ደንበኛው አብረው በጎን ዞረው ከፈረሱ ሆድ አጠገብ ተገኙ። ማንም አልተጎዳም፣ መነጽሩም ተገኘ። ጎረምሳው ምክንያቱን ሲያስረዳኝ «ፋዘር፣ ችግሩ አጎዛው ነው፤ የአበሻ በግ ስለሆነ ያንሸራትታል» አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ልጅቷ በቪዲዮ የተናገረችውን ልድገመው፤ ምክንያቱም አጎዛ ልግዛ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው። ጫማ ጠቦት እግሩ የቆሰለ ሰው ወፍራም ካልሲ ቢደርብ ምን ይሆናል? ይብስበታል። ጠባብ ኮርቻ ሥር ወፍራም አጎዛም እንዲሁ ነው፤ ትከሻውን የሚቆነጥጠውን መቆንጠጫ ይበልጥ ያጠብቀዋል፣ በላዩ ላይ ከፍ ስለሚያደርገው ያንገዳግደዋል። አጎዛ የሚረዳው ኮርቻው ልክ ሲሆን፣ ወይም ጥቂት ሰፋ ሲል ነው። ጀርመኖቹ ለዚህ ብለው አጎዛው ውስጥ ኪስ ሰፍተው፣ በኪሱ የሚገባ ፌልት ይሸጣሉ፤ ከፊት የጎደለውን ከፊት፣ ከኋላ የጎደለውን ከኋላ ለመሙላት። ያንን የሚያደርጉትም በግምት አይደለም፤ ለክተው ነው።

ሻለቃ ባሻ «እንለካ» አሉ። መለኪያው ምንድን ነው ቢባል ሽቦ ነው። ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤት ወፈር ያለ ባለ ሽፋን ሽቦ ተለመነ፤ ከዳማ ትከሻ አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ፣ በጀርባው ላይ እንደ ቅርጹ ተጣጠፈ፤ ሳይንቀሳቀስ ተነስቶ በተቀደደ የፓስታ ካርቶን ላይ ተቀመጠ፤ ሻለቃ ባሻ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመሩ። ካርቶኑ ተቆርጦ ኮርቻው ሥር ሲገባ፣ የአባትየው ኮርቻ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጣት ጠበበ። ካርቶኑን ለረጅም ጊዜ ያዩት ነበር። አባታቸውን ያማባቸው መሰላቸው መሰለኝ።

አሁን ወደ ወቅቱ ጉዳይ ልምጣ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች የኮርቻ ነገር ሲያወሩ የማያውቁት ነገርም ይመስለኛል። የእነርሱ ፈረስ ዓመቱን ሙሉ ተመዝኖ ይበላል። የእኛ ፈረስ እንደ ዝናቡ ነው። ነሐሴ ላይ ሣር ይበቅላል፤ መስከረምና ጥቅምት ፈረሱ ይወፍራል፣ ጀርባው ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ኮርቻው ይጠበዋል። ጥር ላይ ገና ደህና ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ኮርቻው ዳማን የጠበበው ለዚህ ነው። ከዚያ በጋው ይበረታል፤ ሣሩ ያልቃል፣ ጭድ ይወደዳል። መጋቢት ሲደርስ ሁዳዴን የማይጾመው ፈረስ ከጾመኛው በላይ ይከሳል፤ የጀርባው ሥጋ ይሟሽሻል፤ ያ ጥር ላይ የጠበበው ኮርቻ ሚያዝያ ላይ ሰፍቶ ጉብታው ላይ ይሰጥማል። አንድ ፈረስ፣ አንድ ኮርቻ፣ ሁለት ተቃራኒ ጥፋት። አጎዛ እውነተኛ ሥራው እዚህ ጋ ነው። ወፍራሙ ለሚያዝያ፣ ስሱ ለጥቅምት። ዓመቱን ሙሉ አንድ አጎዛ የሚያደርግ ሰው ግማሹን ዓመት ፈረሱን እየበደለ ነው።

የየካ ሰው ስለ ፈረስ ጀርባ እንዲህ መራቀቁ የሚያስደንቀው ካለ፣ ሰፈሩን አያውቅም ማለት ነው። ባልደራስ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቢሆንም ስሙ የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች አዛዥ ማዕረግ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ምኒልክ ለእንግሊዞች የሰጡት ሰፊ ግቢ እዚሁ ነው፤ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባለው ተጓዥ በ1902 ዓ.ም የተወለደው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከለጋሲዮን ወደ ቤተ መንግሥት የሚሄድ ዲፕሎማት በበቅሎ ወይም በፈረስ ነበር የሚሄደው። የእኛም ታላላቆች ከፈረሳቸው ጋር ስም ይጋሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ታሪክ ጸሐፊ የፈረሱን ስም መዝግቧል፣ ግላሱ ምን ዓይነት ከፋይ እንደነበረ ሳይቀር ጽፏል፤ ግላሱ ሥር ስለነበረው ጀርባ ግን አንድ መስመር አልጣለልንም። ዛሬም ልማዳችን ያው ነው። በኮርቻው ላይ ለሚጣለው ግላስ የጥልፍ ዋጋ የማይቆጭ ሰው፣ ከኮርቻው በታች ለሚነጠፈው ሲባል ጆንያ ይፈልጋል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ሲባል ሰው የሚመስላቸው ካሉ፣ የሚመላለጠው ፈረሱ ነው።

ወደ አጎዛችን። ሻለቃ ባሻ «የጀርመን አልፈልግም» ያሉት ከኩራት ይሁን ከሒሳብ አልለየሁትም፤ ብቻ የአገር ውስጥ አጎዛ ይገኝ አሉ። ቀላል መስሏችሁ ይሆናል። በየበዓሉ ማግስት በሰፈራችን የቆዳ ገዢ ጩኸት ይሰማ የነበረበት ዘመን ነበር፤ ለቆዳው የሚደረገው ክርክር ለበጉ ከተደረገው አይተናነስም ነበር። ኋላ ዋጋው ወድቆ ወድቆ፣ የበዓል ቆዳ ከቆሻሻ ገንዳ ጎን ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ማየት ለመድን። በየዓመት በዓሉ በየግቢው በግ የሚታረድባት ከተማ ውስጥ አንድ ደህና አጎዛ ፈልጎ ማጣት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ምክንያት አለው። አንደኛ፣ የእኛ በግ አብዛኛው ባለ ሱፍ አይደለም፤ ጸጉሩ አጭርና ጠንካራ ነው። ቆዳው ግን ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት የተመሰገነ ነው፤ ፒታርድስ የሚባለው የእንግሊዝ ቆዳ ፋብሪካ ስም ያተረፈበት የጓንት ቆዳ ከእኛው ደጋ በግ የተገኘ ነው። የሾላ በግ ቆዳ የእንግሊዝ ጎልፍ ተጫዋች እጅ ላይ ይገባል፤ ለየካ ፈረስ ጀርባ ግን አይሆንም። ሁለተኛ፣ ቆዳ አልፍቶ አጎዛ የሚያደርግ ሰው ጠፍቷል። ቆዳ ፋቂ ስንል ስንሰድብ ነበር የኖርነው፤ ልጆቻቸው ሙያውን ቢተዉት ምን ይፈረድባቸዋል? ዛሬ ፈልገን ስናጣቸው «የድሮ ሰው ደግ ነበር» እንላለን። ለእነርሱ ደግ አልነበርንም።

መፍትሔው የተገኘው ከየካ በር ከሚወጣው መንገድ ነው። በኮተቤ ወጥቶ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን አልፎ የሚሄደው መንገድ ደብረ ብርሃን ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መንዝ ነው። የመንዝ በግ ብርዱን ስለሚያውቀው ሱፍ ያበቅላል፤ ባና የሚሠራው ከእርሱ ነው። የደብረ ብርሃን በግ ማርቢያም አዋሲ የተባለውን የመካከለኛው ምሥራቅ ዝርያ ከመንዝ ጋር ሲያዳቅል ኖሯል። የሻለቃ ባሻ ሚስት ወንድም እዚያ ነው፤ በሚኒባስ ሁለት አጎዛ ላከ። አንዱን ሻለቃ ባሻ ዳስሰው ወዲያው መለሱት። ቆዳው በደንብ አልለፋም፤ ጠርዙ ደርቆ ቀንድ ሆኗል፤ እንዲህ ያለው ላብ ነክቶት ሲደርቅ ይቆርጣል። ሁለተኛው በሁለት እጅ ጨብጠው ሲያጥፉት ያለ ድምፅ ታጠፈ። ጸጉሩ በጣት ሲከፈል ሥሩ እምብዛም አልታየም። ጸጉሩን ቢጎትቱት በእጅ አልወጣም። መሐሉ ላይ ስፌት የለውም። «ይኼ ደህና በግ ነበር» አሉ፤ ለበግ ከዚህ የበለጠ የኀዘን ቃል ሲነገር አልሰማሁም።

አነጣጠፉም ወግ አለው። ጸጉሩ ወደ ፈረሱ፣ ቆዳው ወደ ኮርቻው። ከተነጠፈ በኋላ በአከርካሪው ላይ ተወጥሮ እንዳይጫን፣ መሐሉን በእጅ ወደ ኮርቻው ቦይ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ያልተደረገለት አጎዛ እዚያው አከርካሪው ላይ ተዘርግቶ ይወጠርና የኮርቻ ሠሪውን ጥበብ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የፈረሱን ጸጉር ላለመገልበጥ ትንሽ ወደ ፊት አስቀምጦ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከግልቢያ በኋላ ኮርቻው ሲወርድ ጀርባውን ማየት፤ ላቡ በግራና በቀኝ እኩል ከሆነ ደህና ነው፤ በረጠበው መሐል ደረቅ ክብ ካለ፣ ያ ቦታ ወይ በጣም ተጭኗል ወይ ጭራሽ አልተነካም፤ በጣት ተጭኖ ፈረሱን መጠየቅ ነው። አጎዛው ጥላ ሥር ይደርቃል፤ ፀሐይና እሳት ቆዳውን ያደርቁታል። የደረቀውን ላብ ማበጠር እንጂ በኦሞ መዘፍዘፍ የለም። የሻለቃ ባሻ ሚስት አንድ ጊዜ «ልጠበው» ብለው ተነስተው፣ ሻለቃ ባሻ በአገልግሎት ዘመናቸው እንኳ ያላሰሙትን ትእዛዝ አሰምተው አስቆሟቸው።

ኮርቻውስ? እርሱም ተሠራ። ካርቶኑ ወደ አናጢ ተወሰደ፤ ሳንቃዎቹ ተፈትተው፣ ከውስጥ በኩል ተጠርበው፣ እንደ ካርቶኑ ተከፍተው ተመልሰው ተሰፉ። ሻለቃ ባሻ ሥራው እስኪያልቅ አናጢው ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ የአባታቸውን ኮርቻ ለማያውቁት ሰው ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። በቀጣዩ ጥር ዳማ ለየካ ሚካኤል ሲወጣ ጭራውን እያማታ አልነበረም፣ ሆዱ ላይ ጠፍሩ ሲጠብቅም ዞሮ ለመንከስ አልሞከረም። ይህን ልዩነት ሻለቃ ባሻ ብቻ አዩት፤ ሕዝቡ ያው ዘርፉን ነበር የሚያየው።

የጀርመኑ አጎዛ ሳሎን ወንበር ላይ ነው፤ ሻለቃ ባሻ ለወገባቸው ይቀመጡበታል፤ ሚስታቸው መጀመሪያም ያሉት ይህንኑ ነበር። ለእህቴ ልጅ አልነገርናትም። ይህን ካነበበች እንግዲህ ትወቀው።

ለእናንተ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። እሁድ እንጦጦ ስትወጡ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ባለ ፈረሱን «እስኪ ኮርቻውን አንዴ አውርደው» በሉት። ቅር ቢለውም ያወርዳል፤ ደንበኛ ናችሁ። ጀርባው ከቆሰለ ወይም ስትነኩት ወደ ታች ከሸሸ፣ ሌላ ፈረስ ምረጡ፤ ምክንያቱንም ጮክ ብላችሁ ንገሩት፣ ሌሎቹ ባለ ፈረሶች ይስሙ። ዘርፍ እየቆጠርን በምንመርጥበት ዘመን ዘርፍ ሲጨምሩልን ኖረዋል፤ ጀርባ እያየን መምረጥ ስንጀምር ደግሞ አጎዛ ይገዛሉ። ሁሉም ከቆሰሉባችሁ በእግር ሂዱ፤ እንጦጦ ማርያም ሩቅ አይደለችም።